ስለ ካልጋሪው የሰላም ድልድይ መስታወት ያነሣሁት ጥያቄና የመጡት መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ካልጋሪ የምትኖሩ የሰላም ድልድይን ታውቁታላችሁ፤ በሌላ አገር ላላችሁት ግን በአጭሩ ላስረዳ። ድልድዩ በቦው ወንዝ ላይ ተዘርግቶ በሰሜን ያለውን የሰኒሳይድን ሰፈር ከመሃል ከተማው ጋር የሚያገናኝ፣ መኪና የማይገባበት፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የተሠራ መሻገሪያ ነው። ንድፉ የስፔናዊው አርክቴክትና መሐንዲስ የሳንቲያጎ ካላትራቫ ሲሆን ለሕዝብ የተከፈተው ማርች 24 ቀን 2012 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 126 ሜትር ይረዝማል፤ ከሩቅ ለሚያየው ቀይ ቀለም የተቀባ ብረት እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ወንዙ ላይ የተጋደመ ይመስላል። ውስጡ ሲገባ መሃሉ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው የብስክሌት መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ደግሞ እያንዳንዳቸው 1.85 ሜትር የሆኑ የእግረኛ መተላለፊያዎች ናቸው። ጠቅላላ ወጪው 24.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነበር።

እኔ ከሰኒሳይድ ተነሥቼ መሃል ከተማ ወደምሠራበት ሆቴል በየዕለቱ በዚህ ድልድይ እሻገራለሁ። የጧት ሽፍት ስለሆንኩ ጥር ወር ላይ ከቤት የምወጣው ሌሊቱ ሳይነጋ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ሲደርስ የወንዙ ዳርና ዳር በረዶ ይሠራል፤ መሃሉ ላይ ግን ጥቁሩ ውሃ እንደ ጀበና አፍ ይተናል። እንፋሎቱም ወደ ድልድዩ ሆድ ገብቶ በመብራቱ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል። በዚያ ሰዓት በእግረኛው መተላለፊያ ዳር እንደ አጥር ከጎኔ የቆመው መስታወት ከታች የሚመጣውን ንፋስ ይከልልልኝ ነበር፤ ከወገቤ በታች ንፋሱ እንዳልነበረ የማውቀው ድልድዩን ጨርሼ ስወጣ እግሬ ላይ ሲያርፍብኝ ነው።

በጁላይ 2022 አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ከእነዚህ መስታወቶች ብዙዎቹን ሰባበራቸው፤ ጉዳቱ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። በማግስቱ ሳልፍ መስታወቶቹ ከቦታቸው አልወደቁም ነበር። በበጋ እንደ ደረቀ የጭቃ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቀው ብርሃኑን ብቻ ያስተላልፋሉ፤ ወንዙ ግን ከኋላቸው አይታይም። እጄን ሳስነካው ሻካራ ነበር። ከዚያ በፊትም መስታወት ሲሰበርና ሲተካ ቆይቷል። በመጨረሻ ከተማው መስታወቱን በብረት አጥር ለመተካት ወሰነ። የእኔ ጥያቄ ይህ ውሳኔ ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው። እኔ በበኩሌ ቅር ብሎኛል፤ አንድ አጥፊ ባደረሰው ጉዳት በየቀኑ የሚሻገረው ሕዝብ የሚያምር ነገሩን ሊያጣ አይገባም ብዬ አምናለሁ። የእናንተን ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ።

የመጡት መልሶች

ጥያቄውን ካቀረብኩ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ 22 መልሶች መጡ። ውይይቱን ዘግይተው የተቀላቀሉ ብዙ ስለሆኑና አንዳንዱ መልስ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን ስለሚጠቅስ፣ የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በቁጥሩ እየጠራሁ በራሴ አነጋገር አቀርበዋለሁ።

1ኛውን መልስ የጻፉት አንዲት እናት ናቸው፤ ከሰላምታና ከምርቃት ጋር ሐሳቤን ደገፉ። ልጃቸውን በጋሪ እየገፉ ሲሻገሩ ልጁ በመስታወቱ በኩል ዝይዎቹ ከውሃው ላይ ሲነሡ ያይ እንደነበር፣ ቀና ብሎ ማየት ለማይችል ሕፃን ከግንብ ይልቅ መስታወት ዓለምን እንደሚከፍትለት ገለጹ። እኔ ስለ ንፋሱ እንጂ ስለ ጋሪው ቁመት አስቤ አላውቅም ነበርና ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት።

2ኛው መልስ የሲቪል ምህንድስና ከተማረ ወንድም የመጣ ነው። በትሕትና አንድ ነገር ለይቼ እንዳይ አሳሰበኝ፦ በጎንና በጎን ያለው መስታወት ድልድዩን አይሸከምም፤ ሸክሙ ያለው በተጠላለፈው ብረት ላይ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ቢነሣ ድልድዩ አንዳች አይጎድልበትም፤ ጥያቄው የአጥርና የምቾት እንጂ የደኅንነት አይደለም ማለቱ ነው። ትክክለኛ እርማት ነበር።

በ3ኛው መልስ ላይ የውይይቱ አየር ተለወጠ። ጸሐፊው ለ20 ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ስለ መስታወቱ ከመነጋገራችን በፊት ስለ 24.5 ሚሊዮኑ መነጋገር እንደነበረብን፣ በወንዙ ላይ ወደ ምዕራብ ትንሽ ራመድ ሲሉ የሉዊዝ ድልድይ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ወደ ፕሪንስስ አይላንድ መናፈሻ የሚያሻግሩ የእግረኛ ድልድዮች ቀድሞውኑ እንደነበሩ፣ እርሳቸውም ግብር እየከፈሉ አንድም ቀን በቀዩ ድልድይ እንዳልተሻገሩ ጻፉ። ንግግራቸው ጠንከር ያለ ነበር፤ ከመልሱ በታች የወደዱት ሰዎች ቁጥር ግን ከእኔ ጽሑፍ ይበልጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ሳይ ደነገጥኩ።

4ኛው መልስ ለሦስተኛው የተሰጠ ነው። የሉዊዝ ድልድይ የመኪና ድልድይ መሆኑን፣ እግረኛው ከመኪናው ጎን ለጎን እንደሚሄድበት፣ ታክሲ የሚነዳ ሰው በእግሩ ስላልተሻገረ ሌላው አያስፈልገውም ማለት እንደማይቻል አስረዳ። በቀን ወደ 6,000 ሰው እንደሚሻገርበት ከተከፈተ በኋላ የተነገረውንም አስታወሰ። በ5ኛው መልስ የ3ኛው ጸሐፊ ተመልሰው መጡ፤ ሰው መሻገሩን አልካዱም። ነገር ግን ቀጥ ያለ ተራ የብረት ድልድይ በርካሽ ዋጋ ያንኑ 6,000 ሰው ያሻግር እንደነበር፣ ያንን ጠመዝማዛ ቱቦ ያመጣው የአንድ ዝነኛ ሰው ስም እንጂ የወንዙ ፍላጎት እንዳልሆነ ተከራከሩ።

ይህ የብዙ የካልጋሪ ነዋሪ ጥያቄ ነው። በ6ኛው መልስ 2ኛውን መልስ የጻፈው መሐንዲስ ሰፋ አድርጎ መለሰ፤ ከመላው ውይይት ለእኔ ብዙ ያስተማረኝም ይህ ነው። ንድፉ ሲታዘዝ ሁለት ገደቦች ነበሩበት። አንደኛው፣ የወንዙን ሥነ ምህዳር ላለመንካት ውሃው ውስጥ አንድም ምሰሶ እንዳይተከል ተከልክሎ ነበር፤ ድልድዩም ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ከሥሩ የሚያልፍበት ከፍታ ያስፈልገው ነበር። ሁለተኛው፣ በአቅራቢያው የሄሊኮፕተር ማረፊያ ስላለ ወደ ላይ የሚወጣው ቁመትም የተገደበ ነበር፤ ስለዚህ ካላትራቫ በሌሎች ከተሞች የሚታወቅባቸው ረጃጅም ምሰሶዎችና ተወጥረው የሚወርዱ የብረት ገመዶች እዚህ አይቻሉም። ከላይ ተዘግቶ፣ ከታች ተዘግቶ፣ መሃል ላይ ድጋፍ ተከልክሎ 126 ሜትር ማለፍ ነበረበት። ተራ ድልድይ ያን ያህል ርቀት ያለ ምሰሶ ለመዝለል ከእግር በታች ወፍራም ወራጅ፣ ማለትም ሸክሙን የሚይዝ አግዳሚ ይፈልጋል፤ ወራጁ ደግሞ ጎርፉ ሊያልፍበት የሚገባውን ቦታ ይይዛል። መፍትሔው ያን ውፍረት ከእግር በታች አንሥቶ በተሻጋሪው ዙሪያ ማድረግ ነበር። መሐንዲሱ ይህን በመሶብ መሰለው፦ ስንደዶ ለብቻው በሁለት ጣት ይታጠፋል፤ ክብ ተደርጎ ከተሰፋ በኋላ ግን ሙሉ እንጀራ ተሸክሞ ይቆማል። የድልድዩ ቀይ ብረትም እንዲሁ ነው፤ ሰውየው የሚያልፈው በወራጁ ሆድ ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በውስጡ ስመላለስ ያን ብረት እንደ ጌጥ ነበር የማየው።

7ኛው መልስ ምስክርነት ነበር። ጸሐፊዋ በጁን 2013 ጎርፍ ጊዜ ከሰኒሳይድ ቤታቸው በሌሊት እንዲወጡ የተነገራቸው ናቸው። ሁለት ልጆችና አንድ ሻንጣ ይዘው ወደ ዘመድ ቤት እንደሄዱ፣ ሲመለሱ የምድር ቤታቸው በጭቃ ተሞልቶ እንዳገኙት፣ ቀዩ ድልድይ ግን እንደ ነበረ ቆሞ እንደጠበቃቸው ተረኩ። ከዚያም ድልድዩን የሠሩት የካልጋሪ ብረት ሠራተኞች ሊመሰገኑ እንደሚገባ ጨመሩ። በ8ኛው መልስ ሌላ ሰው ይህን የመጨረሻውን ነገር አረመ፦ የብረቱ ክፍሎች የተሠሩት በስፔን ነው፤ ተጭነው መጥተው እዚህ በወንዙ ዳር ተገጣጠሙ። ብየዳው ሲመረመር ጉድለት ስለተገኘበት እንደገና ተሠርቷል፤ በ2010 መጸው ይከፈታል የተባለው ድልድይ እስከ 2012 ማርች የዘገየበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። እርማቱ ልክ ነው፤ ቃናው ግን ጎርፍ ላፈናቀላቸው እናት የሚሆን አልነበረም፤ ይህንንም እዚያው ጽፌለታለሁ።

9ኛው መልስ የታክሲ ነጂው ሦስተኛ ጽሑፍ ነው፤ እዚህ ላይ የክርክሩን ሥር ያገኙት ይመስለኛል። የመሶቡን ምሳሌ እንደወደዱት፣ ጎርፉንም እንደሚያስታውሱ ከገለጹ በኋላ፣ አንድ ጥያቄ ግን ማንም እንዳልመለሰላቸው ጻፉ። ከተማው ንድፉን ለካላትራቫ የሰጠው ያለ ጨረታ፣ በቀጥታ ነበር። ሌሎች ነዳፊዎች ያንኑ ሁለት ገደብ ተቀብለው ምን ያቀርቡ እንደነበር ያየ የለም። ውድ ይሁን ርካሽ የሚነጻጸርበት ነገር ሳይቀርብለት ነዋሪው ክፈል ተባለ።

በዚህ ላይ 10ኛው መልስ ባይጻፍ ኖሮ መልካም ነበር። ጸሐፊው እኛ በሰው አገር ተቀምጠን ስለ አገሬው ድልድይ ወጪ መከራከራችን እንደማይገባን፣ ሥራችንን ብቻ እንድንሠራ መከረ። 11ኛው መልስ በቁጣ ተነሣ፤ ግብሩን የሚከፍል፣ ልጁን እዚህ የሚያስተምር፣ ድልድዩን በጧት ጨለማ የሚሻገር ሰው እንግዳ ሊባል እንደማይችል ከጠቀሰ በኋላ ወደ ስድብ አለፈ። በ12ኛው መልስ የመድረኩ አስተዳዳሪ ገብተው ስድቡን አነሡ፤ ሁለቱንም በየግል መልእክት አነጋገሯቸው። በዋናው ነገር እኔ ከ11ኛው ጋር ነኝ፤ በአነጋገሩ ግን አይደለሁም።

13ኛው መልስ የመጣው ከኢየሩሳሌም ነው። ጸሐፊው በከተማዋ መግቢያ ላይ በ2008 የተመረቀው፣ ቀላል ባቡርና እግረኛ የሚያልፍበት ባለ ገመድ ድልድይ የዚሁ የካላትራቫ ሥራ መሆኑን፣ እዚያም ስለ ወጪው ብዙ እንደተባለ አስታወሱ። የ118 ሜትሩን ምሰሶ ከሩቅ ሲያዩ ከተማ መድረሳቸውን እንደሚያውቁና ምሰሶውን እንደለመዱት ጻፉ። 14ኛው መልስ ግን መልመድ ሁልጊዜ እንደማይመጣ አሳየ፤ በጣሊያን የምትኖር እህት ናት የጻፈችው። በቬኒስ ግራንድ ካናል ላይ በ2008 የተከፈተው የካላትራቫ የእግረኛ ድልድይ መርገጫው መስታወት ስለነበረ በዝናብና በጉም ጊዜ ሰው እየተንሸራተተ ይወድቅ ነበር፤ ከዓመታት ክርክር በኋላ ከተማው መስታወቱን በድንጋይ ለመተካት ወሰነ። በስፔን ቢልባኦ የሠራው የእግረኛ ድልድይም ወለሉ መስታወት ነበርና ከተማው እንዳያንሸራትት ምንጣፍ አነጠፈበት። እህታችን ከዚህ ተነሥታ እኔን በቀጥታ ተከራከረችኝ፦ በካልጋሪ መስታወቱ ወለል ባይሆንም ነገሩ አንድ ነው፤ ዕቃው ለከተማ ሕይወት የማይሆን ከሆነ የሚለወጠው ዕቃው ነው፤ ቬኒስን የሚያህል ከተማ ሲለውጥ ካላፈረ ካልጋሪም አያፍርም። አንድ አጥፊ ባይመጣ ሌላ መምጣቱ አይቀርም ነበርና የእኔ ክርክር በአንዱ ሰው ላይ መመሥረቱ ስሕተት መሆኑንም ነገረችኝ። መልስ አልነበረኝም።

15ኛው መልስ ከባሕር ዳር ልጅ ነው። ብስክሌት ከእግር እኩል በሚቆጠርበት ከተማ ያደገ ሰው በመሆኑ ስለ ብስክሌት መንገድ ሲነሣ ዝም ማለት እንዳልቻለ ጻፈ። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው የዓባይ ድልድይ ጠባብ ስለነበር በብስክሌት ሲያልፉ ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ድምፅ ጀርባ ላይ ይሰማ ነበር። በ2024 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን ከመኪናው መንገድ ሌላ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ ቦታ አለው። እርሱ ያነሣው ጥያቄ ለብስክሌት የተለየ ድልድይ ይሻላል ወይስ በአንድ ሰፊ ድልድይ ላይ ለሁሉም ድርሻውን መስጠት የሚል ነበር። መልሱ እንደ ከተማው ነው፤ ዓባይ ላይ የጭነት መኪናውም መሻገሪያ ይፈልግ ነበር፣ ሰኒሳይድ ላይ ግን የጎደለው የእግረኛው ብቻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ 16ኛው መልስ ወደ አዲስ አበባ ተሻገረ፤ በልጅነቱ ቀበናን በግንድ ላይ እየተሻገረ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር ረዘም አድርጎ ተረከ። ደስ የሚል ትረካ ቢሆንም በ17ኛው መልስ አስተዳዳሪው ለብቻው እንዲጻፍ ጠይቀው ወደ ቦው መለሱን።

18ኛው መልስ ለታክሲ ነጂው ጥያቄ የቀረበ እውነተኛ ማነጻጸሪያ ነበር። በዚያው በቦው ወንዝ ላይ፣ ከሰላም ድልድይ ወደ ምሥራቅ፣ ኢስት ቪሌጅን በሴንት ፓትሪክ ደሴት በኩል ከብሪጅላንድ ጋር የሚያገናኝ የጆርጅ ኪንግ ድልድይ አለ፤ እርሱም ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ነው፤ በኦክቶበር 2014 ተከፈተ። ይህኛው ግን የተመረጠው በዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድር ነው። ወጪው ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስለነበር ከቀዩ ድልድይ አልረከሰም። ሆኖም ስለ እርሱ ያን ያህል ጠብ አልተሰማም። ይህን ሳነብ ከመጀመሪያው የተሳሳትኩት ምን ላይ እንደሆነ ገባኝ፤ በሰላም ድልድይ የተቆጣ ሰው ሁሉ ውበት የማይገባው ወይም እግረኛን የሚንቅ ይመስለኝ ነበር። ሰዉን የጎዳው ሳይጠየቅና አማራጭ ሳያይ መወሰኑ ነው። ለጎረቤት ሳይነገር አጥር ሲታጠር አጥሩ ቢያምርም ጎረቤት ይቀየማል።

በ19ኛው መልስ ታክሲ ነጂው አባታችን በዚህ ማነጻጸሪያ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም፤ ሁለት ውድ ድልድዮች መኖራቸው አንዱን ርካሽ እንደማያደርገው አስገነዘቡ። ይህም ሚዛን የሚደፋ ነጥብ ነው። ነገር ግን በውድድር የተመረጠውን ለመውቀስ አፋቸው እንደማይፈታላቸው ጨመሩ።

20ኛው መልስ ሁላችንንም ዝም አሰኘ። ጸሐፊዋ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሲሆኑ እስካሁን ስለ መስታወትና ስለ ብረት የተጻፈውን ሁሉ አንብበው የእርሳቸው ችግር ሌላ መሆኑን ገለጹ። በጋ ላይ፣ በተለይ ቅዳሜ፣ ሙሽሮችና ሚዜዎች ፎቶ ለመነሣት የብስክሌቱን መንገድ መሃል ላይ ይዘውት ይቆማሉ። ብስክሌተኛው ላለመቆም ሲል ወደ እግረኛው መተላለፊያ ይወጣል፤ 1.85 ሜትር ደግሞ ወንበራቸውንና ብስክሌትን ጎን ለጎን አያሳልፍም። አንድ ጊዜ የብስክሌት መሪ ክንዳቸውን ገጭቶ ለሳምንት አብጦ እንደነበር ጻፉ። 21ኛው መልስ ከአንድ ብስክሌተኛ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ ላይ የሰላ ነበር፤ ጥፋቱ የፎቶ ተነሺዎቹ እንጂ የብስክሌተኛው እንዳልሆነ ተከራከረ። በመሃል ግን ራሱም እንዲህ አድርጎ እንደሚያውቅ አመነ፤ ከብስክሌቱ ወርዶ መግፋት እንደነበረበትም ተናገረ።

በ22ኛው መልስ የመጀመሪያዋ እናት ተመለሱ። ስለ መስታወቱ የቀረበውን ሁሉ ካነበቡ በኋላ ብረቱን እንደማይቃወሙ፣ አጥሩ የጋሪ ቁመት ላይ ላለ ሕፃን እንዲያሳይ ብቻ እንደሚፈልጉ ጻፉ። ከዚያም ስለ 20ኛዋ ጸሐፊ ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውለን፣ ብስክሌት በእግረኛው በኩል እንዳይወጣና ፎቶ የሚነሡ ሰዎች የሚቆሙበት ቦታ እንዲለይ በጋራ እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀረቡ። እኔም ስለ መስታወቱ የነበረኝን ተቃውሞ ትቼአለሁ። ቅዳሜ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ በሰኒሳይድ በኩል ባለው መግቢያ እንገናኛለን፤ የሜትር መለኪያ እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ታክሲ ነጂው አባታችንም መኪናቸውን ሜሞሪያል ድራይቭ ከሚባለው ጎዳና አጠገብ አቁመው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረውን ሊሻገሩ ቃል ገብተዋል።